ለእትዬ ማናልበሽ የተሠራው ከርነል

ሮቤ ውስጥ፣ ጋሪዎች ተሰልፈው ጭነት በሚጠብቁበት የገበያ መንገድ ላይ፣ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ከፊት ለፊት ወዚር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ከኋላ፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ጀርባ፣ ደራራ ኮምፒውተር ይጠግናል። ደንበኛ ሲመጣ ተቀብሎ የሚያናግረው ወዚር ነው። ደራራ ሰው ፊት ቃል ይጠፋበታል። በዚህ ተስማምተው ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

ደራራ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፤ ብርድ ባይኖርም ትከሻውን ሰብስቦ ይሄዳል። ሰው የሚያውቀው ቫይረስ በማጽዳትና የተሰበረ ስክሪን በመቀየር ነው። እሱ የሚወደው ሥራ ግን ከርነል መገንባት ነው። ከርነል ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው፣ ከቁልፍ ሰሌዳውና ከዲስኩ፣ ከተሰካው ዕቃ ሁሉ ጋር የሚነጋገረው፣ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ተራ የሚሰጠው ክፍል ነው። ሌላው ሰው ተዘጋጅቶ የመጣውን ይጭናል። ደራራ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ሰዎች ቁጭ ብለው የጻፉትን ጽሑፍ ራሱን አምጥቶ፣ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ በልኩ ይገነባል።

ግንባታው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ይህ ይግባ? ይህ ይቅር? ጥያቄዎቹ በሺህ ይቆጠራሉ። ሰው ስሙን ሲጠይቀው እንኳ የሚቀላው ደራራ እነዚህን ሲመልስ አይቸኩልም፣ አይፈራም። ይህ ማሽን ካሜራ የለውም፤ ይቅር። ይህ ማሽን ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም፤ የገመድ አልባውም ይቅር። የማያስፈልገውን ሁሉ ሲያራግፍለት፣ ሌላ ሰው ለቆራሌው የሚሰጠው ኮምፒውተር ተነስቶ ይሠራል። ከዚያ ግንባታውን ያስጀምርና ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ የፋይሎቹ ስም በስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ሲወርድ ያያል። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

«ዛሬም ወፍጮ ቤት ከፈትክ?» ይለዋል ወዚር በግድግዳው ላይ ብቅ ብሎ።

«እየፈጨ ነው።»

«ወላሂ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትፈጭ አንድ ቀን ዱቄት አላየሁም።»

ደራራ ይስቃል። ወዚር ያንን ሳቅ ለማየት ነው በየቀኑ ያንኑ የሚለው።

ደራራን ያሳደገችው እህቱ ማናልበሽ ናት። አባታቸው ቀድሞ ሞተ፤ እናታቸው ስትሞት እሱ አምስት ዓመቱ፣ እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ጎባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ ገና ዓመቷን አልጨረሰችም ነበር። ልጁን የምትተውበት ስላልነበራት ይዛው ትሄድ ነበር። እሱም ከጽሕፈት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ድምፁን እየሰማ የመስመሩን መጨረሻ ማወቅ የለመደው ፊደል ከመለየቱ በፊት ነው። ለጋብቻ የጠየቋት ነበሩ። «ልጅ አለኝ» ትላቸው ነበር፤ እነሱም የወለደችው መስሏቸው ይመለሱ ነበር።

ማናልበሽ በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ጀምራ፣ በኋላ ሥራው በኦሮምኛ በላቲን ፊደል ሲሆን ያንንም ተምራ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ወደ እሱ ዞራ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጻፈች። ቁልፎቹን አይታ አታውቅም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም እይታዋን ከዳር ከዳር እያጠበበ ሲመጣ ማንም ያላወቀባት። እሷም አልተናገረችም። ስትናገር ሐኪሙ ዘግይቷል አላት። ካለፈው ዓመት በፊት በነበረው ክረምት ብርሃኑ ጨርሶ ጠፋ።

ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ መሥሪያ ቤቷ ትሄድ ነበር። ግድግዳና አጥር እየዳሰሰች ትደርሳለች፤ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። «አካም ቡልቴ፣ አዴ ማናልበሽ?» ብለው እንዴት አደርሽ ይሏታል። እሷም ትመልሳለች። ወረቀት ግን የሚያቀብላት የለም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጇን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ትውላለች።

መጋቢት ላይ አዲስ ምደባ መጣ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በያዘው መደብ ተፈትኖ ያለፈ ይመደባል፤ በጤና ምክንያት ያልቻለ በጡረታ ይሸኛል። የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ጃለታ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበሯ ድረስ መጥቶ ነገራት።

«አዴ ማናልበሽ፣ እንደማንኛውም ሰው ይፈተናሉ። ግማሹ እኔ የማነብልዎትን መጻፍ ነው፤ ግማሹ በኮምፒውተር ላይ ያለ ጽሑፍ አንብቦ ስህተቱን ማረም። በራስዎ መሣሪያ ቢመጡ አልከለክልም። ካለፉ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካላለፉ ግን እኔ የማደርገው ነገር የለም።»

ያን ቀን ማታ ለደራራ ደወለችለት። «መጻፉን እጽፈዋለሁ» አለችው። «የጻፍኩትን የሚነግረኝ ነው ያጣሁት። ደሬ፣ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት አታሳጣኝ።»

ደራራ የሚያነብ ፕሮግራም ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን እሱ ጋ በነበረው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲጭነው ድምፁ ከጣቷ አሥር ቃል ወደ ኋላ ቀረ። አዲስ ኮምፒውተር የሚታሰብ አልነበረም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በአንድ ማኅበር መጋዘን፣ ከተሰበሩ ክራንቾች ሥር፣ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ግራጫ ሳጥን አገኘ። የተላከለትን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ሳጥን ነው። ሳጥኑን የሚያናግረው ትንሽ ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ከርነሉ ውስጥ ስለሚገባ፣ ኮምፒውተሩ ገና ከመንቃቱ ይናገራል፤ ቁልፉ ሲነካ ፊደሉ ወዲያው ይሰማል። የተዘጋጁት ከርነሎች ግን ወይ ድራይቨሩ የላቸውም፣ ወይ ለዚያ ማሽን ይከብዱታል። ስለዚህ ደራራ ለእህቱ ከርነል መገንባት ጀመረ።

አምስት ሳምንት ፈጀበት። የመጀመሪያው አልነሳም። ሁለተኛው ተነሳ፤ ሳጥኑ ግን ዝም አለ። ሦስተኛው ሁለት ፊደል ተናግሮ ቆመ። እሑድ እሑድ በሚኒባስ ወደ ጎባ እየሄደ ይጭንላታል፤ ያልሆነውን በወረቀት ጽፎ ይመለሳል። በአራተኛው ሳጥኑ ተናገረ። ማናልበሽ በኦሮምኛ አንድ መስመር ጻፈችና አዳመጠች። የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስለሆነ የላቲኑን ፊደል በራሱ አፍ ነበር የሚያነበው።

«ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «ደሎ መና ሦስት ቀን አድሮ ኦሮምኛ ችያለሁ የሚል ፈረንጅ ነው።»

«ትለምጂዋለሽ፣ እትዬ።»

«እለምደዋለሁ። እንግዳ ነው፤ ምን ይደረግ።»

ከዚያ በኋላ ስሙ እንግዳው ሆነ። «እንግዳው ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» ትለዋለች በስልክ። «እንግዳው ዛሬ ስሜን በትክክል ጠራ።» በየማታው ትለማመድ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአፉን ዘይቤ ሁሉ ለየችው፤ አንድ ፊደል ስትገደፍ ከድምፁ ታውቃለች። ደራራ እህቱ እንዲያ ስትስቅ ከሰማ ብዙ ጊዜው ነበር።

ፈተናው ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተያዘ። ደራራ የመጨረሻውን፣ ከሁሉም የቀለለውን ከርነል ረቡዕ ሊገነባ አስቦ ነበር፤ ረቡዕ ሮቤ ላይ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍቶ አስጀመረው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ወደ ፍላሽ ሊገለብጠው ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ደሬ፣ እንግዳው ጽሑፉ ሲረዝም ዝም ይላል» አለችው። ድምፅዋ ጭንቀቷን ለመደበቅ ይሞክር ነበር። «አጭሩን ያነበዋል። ትልቅ አንቀጽ ሲሆን መሐል ላይ ይቆማል፤ አጥፍቼ ካላበራሁት አይነሳም። እስከ ዛሬ ረዥም ሰጥቼው አላውቅም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይደለም። ገብቶኛል። አስተካክዬው እመጣለሁ።»

በእርግጥም ገብቶት ነበር። ሳጥኑ የሚይዘው ጽሑፍ ልክ አለው፤ ሲሞላ «ቆይ» ብሎ ምልክት ይሰጣል፤ ድራይቨሩ ግን ሳይጠብቅ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ሁለት መስመር ማረም ብቻ ነው። ደራራ ፋይሉን ከፍቶ ቦታውን ሲያገኝ መብራት ጠፋ።

ደጅ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ወዚር ምርቃናውን ያልጨረሰ ጋሪ ነጂ ሲያስቅ ይሰማል። ደራራ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ፣ ሁለቱን መስመሮች በልቡ እየደጋገመ ጠበቀ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። እንደገና ተነስቶ ደጁን አየ፤ ተመለሰ።

መብራት ሲመጣ ዘሎ ማሽኑን አስነሳ። ይህ ማሽን አንድ ዓመል ነበረው። ሰዓቱን የምትይዝለት ትንሿ ባትሪ መቀመጫዋ ተሰብሮ ስለነበር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀንና ሰዓቱን ይረሳል። ደራራ ሁልጊዜ በእጁ ያስገባለታል፤ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ፣ በእኛው ላይ ስድስት ጨምሮ። ያን ቀን ስልኩን ወዚር ጋ ቻርጅ ላይ ሰክቶት ነበር።

«ወዚር! ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ተኩል!»

ደራራ አምስት ተኩል ብሎ አስገባ። ልቡ ሁለቱ መስመሮች ላይ ነበር።

ፋይሉን ከፈተ፤ ሁለቱን መስመሮች ጻፈ፤ አስቀመጠ፤ ግንባታውን ጠራው። በደቂቃዎች አለቀ። አንድ ፋይል ብቻ ስለተነካ መፍጠኑ አልገረመውም። ከመጨረሻው መስመር በፊት ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ግን በየግንባታው ይወጣል፤ ሰው ሁሉንም አያነብም። ወደ ፍላሽ ገልብጦ ስልኩን ነቅሎ ሮጠ።

«ቢስሚላህ በል!» አለው ወዚር ከኋላው። «ደግሞ አንተ የኛ ሰው አይደለህም፤ የራስህን በል!»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጊዜ ወሰደ። ጎባ ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ማናልበሽ ንጹሕ ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ጠበቀችው። ከርነሉን ጫነ፤ ማሽኑ ተነሳ፤ እንግዳው በዚያ በሰለለ ድምፁ ተናገረ። ሁለት አጭር መስመር ጻፈች፤ ሁለቱንም አነበበ።

«ደሬ፣ ያንን ረዥሙን እንሞክረው።»

«አያስፈልግም፣ እትዬ። አስተካክዬዋለሁ።»

«አንዴ ብቻ።»

«ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ይረፍድብናል።»

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ደራራ ገመዶቹን ነቃቀለ።

ወደ ፈተናው ክፍል እሱን አላስገቡትም። ሁሉን ሰካክቶ ወጣና ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ጃለታ ሲያነብና የእህቱ ጣቶች ሲከተሉት ሰማ። አንባቢው ከእሷ ወደ ኋላ የቀረ ይመስል ነበር፤ እሱ ለትንፋሽ ሲያቆም የእሷም ጣቶች ቆመው ይጠብቁታል። አንዲት ሴት ውስጥ ሆና «ኧረ በስመአብ!» ስትል ሰማ። ደራራ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። የእንግዳው ድምፅ በቀስታ ተሰማ፤ ቀጠለ፤ ቆመ። ደራራ እያረመች ነው ብሎ አሰበ። ዝምታው ረዘመ። ቁልፎች ተሰሙ፤ ድምፅ ግን የለም። አንድ ጊዜ እንደገና ጀመረና እንደገና ቆመ። ከዚያ ወንበር ሲንኳኳ ሰማ።

ስትወጣ አንዲት ባልደረባዋ ክንዷን ይዛት ነበር። ደራራ ተቀበላት። ባጃጅ እየጠበቁ ቆሙ።

«እጄ ተሳሳተ» አለችው። «ድምፁን የሚያፍነው ቁልፍ አለ አይደል? እሱን ነክቼው መሆን አለበት። ልመልሰው ሞከርኩ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ጠዋት የነበረው ነው እንዳልል አንተ አስተካክለኸዋል። ተርበተበትኩ መሰለኝ። ሰዓቱ አለቀ።»

ደራራ አመናት። የሠራውን ያውቅ ነበርና። እጇን ይዞ፣ «አይዞሽ እትዬ፣ ማንም ይሳሳታል» አላት።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ለማናልበሽ የደረሳት ደብዳቤ ደግሞ በጤና ምክንያት በጡረታ ለመሰናበት ማመልከቻ እንድታስገባ የሚል ነበር። ጎረቤት አነበበላት። አጥፋ አስቀመጠችው። ደራራ እሑድ ሲሄድ እጆቿን ጋቢዋ ውስጥ ደብቃ አገኛት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሠሩ የኖሩ ጣቶች ሻይ ሲያቀብላት እንኳ ለመውጣት ያመነቱ ነበር።

«ኮምፒውተሩን ውሰድልኝ» አለችው። «ለሚችል ሰው ስጠው።»

«እትዬ፣ አንድ ቀን ስለሳትሽ…»

«እጅ አንዴ ከከዳ ከድቷል። ውሰድልኝ።»

ኮምፒውተሩንና ሳጥኑን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ወደ ሮቤ መለሰ። ሁለት ቀን ጥግ ላይ ቆየ። በሦስተኛው ቀን፣ ደንበኛ ሳይኖር፣ ሰካካውና አንድ ረዥም አንቀጽ ሰጠው። እንግዳው አነበበ፤ ቀጠለ፤ መሐል ላይ ቆመ።

ደራራ መጀመሪያ አልገባውም። ሶርስ ኮዱን ከፈተ፤ ሁለቱ መስመሮች በቦታቸው አሉ። ሳጥኑን አጥፍቶ አበራው፤ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ቆመ። ከዚያ የፋይሎቹን ሰዓት አየ።

ግንባታ በሰዓት ነው የሚመራው። ጽሑፉ ቀድሞ ከተገነባው ቅጂ በኋላ ተነክቶ ከሆነ እንደገና ይገነባዋል፤ ካልሆነ ይዘለዋል። የተገነባው ድራይቨር ላይ ያለው ሰዓት የዚያን ጠዋት ነበር፤ በፈረንጅ ስምንት ከሃያ። እሱ ያረመው ጽሑፍ ላይ ያለው ደግሞ አምስት ከአርባ። ማሽኑ እርማቱን ከድራይቨሩ በፊት የተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ አድርጎ ቆጠረውና አለፈው። ከርነሉ ውስጥ ጨርሶ አልገባም። የግንባታው መዝገብ መጨረሻ ላይ ያ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ሰዓት ተዛንፏል፤ ግንባታው ያልተሟላ ሊሆን ይችላል።

ወዚር ሻይ ይዞለት ሲገባ ፊቱን አይቶ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«ያን ሐሙስ መብራት ሲመጣ ስንት ሰዓት ነው አልኩህ።»

«ወንድሜ፣ መብራት በቀን ሦስቴ ይመጣል፤ የቱን ላስታውስልህ?»

«አምስት ተኩል አልከኝ።»

«አምስት ተኩል ከሆነ አምስት ተኩል እላለሁ። ምን ልበልህ?»

«ልክ ነህ። አንተ ልክ ነህ» አለ ደራራ። ከዚያ ነገረው። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያስቀር፣ ስድስቱን ሰዓት ሳይጨምር መቅረቱን ነገረው። ወዚር ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አልቀለደም።

«አትንገራት» አለው። «ቦታው ሄዷል። ብትነግራት ምን ይጨምርላታል? ወንድሟን ነው የምታጣው።»

«እጇን ጥላዋለች እኮ፣ ወዚር።»

«እሷ ትረሳዋለች።»

«እኔ ደግሞ ማንም ይሳሳታል ብዬ አጽናናኋት።»

ወዚር ሻዩን ከመሬት አንስቶ ሰጠው።

ደራራ እርማቱን በትክክለኛው ሰዓት እንደገና ገነባ። ረዥሙን አንቀጽ ሰጠው። እንግዳው እስከ መጨረሻው አነበበ። ደራራ ሦስት ጊዜ አስነበበው፤ በየጊዜው እንዲቆም የሚመኝ ይመስል መሐሉ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር።

በማግስቱ ጎባ ዝናብ ነበር። ደራራ ኮምፒውተሩን ከበሩ አጠገብ አስቀምጦ፣ ቆሞ ነገራት። ሲጨርስ ማናልበሽ ወደ ድምፁ ዞረች።

«እና እኔ ያንን ቁልፍ አልነካሁም?»

«አልነካሽም።»

«ምንም አልሳትኩም?»

«ምንም፣ እትዬ።»

እጆቿን ከጋቢው አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ደራራ መፈወሷን የሚያይ መስሎት ልቡ ትንሽ ሞቀ።

«አንዴ ብቻ ብዬህ ነበር» አለች።

«ብለሽኛል።»

«እኔ አምስት ሳምንት ለፍቶልኛል ብዬ፣ የጆሮዬን ትቼ የአንተን አመንኩ።»

ተነሳች፤ ግድግዳውን እየዳሰሰች ጓዳ ገባች። እሱ ቆሞ ቀረ። የጫማው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ተንጣለለ። ስትመለስ ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«ኦቦ ጃለታ ዘንድ ሂድ። ለእኔ የነገርከኝን ንገረው።»

ሰው ፊት ቃል የሚጠፋበት ደራራ ሄደ። ኃላፊው ፊት ቆሞ፣ እየተንተባተበ፣ ስለ ከርነል፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ሰዓቱ ተናገረ። ኦቦ ጃለታ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ስትጽፍ አይቻታለሁ» አለ። «ከሁሉም ትበልጥ ነበር። ግን ዝርዝሩ ተፈርሞ ሄዷል፤ መደቡም ሰው ተመድቦበታል። ምነው በዚያው ቀን ብትነግረኝ?»

«በዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።»

«እሱን ማን ይቀበለኛል?» አለ ኦቦ ጃለታ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየው። «ማመልከቻዋን እስከ ዓርብ ታስገባ። ቶሎ እንዲያልቅላት እኔ እከታተላለሁ።»

ደራራ ሲመለስ ማናልበሽ በሩን ከፍታ፣ ዝናቡ የማይደርስበት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሰው ገብቶበታል?»

«ገብቶበታል።»

ራሷን ነቀነቀች። «ኦቦ ጃለታ ሌላስ ምን አለ?»

«ከሁሉም ትበልጥ ነበር አለ። ማመልከቻውን እስከ ዓርብ ታስገባ አለ።»

ዝናቡን ታዳምጥ ነበር።

«ሰካው» አለችው።

ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አነሳ፤ ሳጥኑን አገናኘ፤ አበራው። ማናልበሽ ወንበሯን ሳበች። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ አርፈው ቦታቸውን አገኙ። የምትጽፈው ማመልከቻውን ነበር። ስሟን፣ የመደቧን ስም፣ የተቀጠረችበትን ቀን፣ ሃያ ዘጠኙን ዓመት፣ የዓይኗን ሕመም፣ በጤና ምክንያት ከሥራ እንድትሰናበት መጠየቋን፣ ሁሉንም በአንድ ረዥም አንቀጽ፣ አንዴም ሳታቆም ጻፈችው። ደራራ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን ያይ ነበር። ጽሑፉ ላይ ስህተት አላገኘም።

እንዲያነብ አዘዘችው። እንግዳው በፈረንጅ አፉ ስሟን ጠራ፤ ዓመቶቹን ቆጠረ፤ ሕመሟን ተናገረ። መሐል ላይ ደረሰ፤ አልቆመም። እስከ መጨረሻው ቃል አነበበውና ዝም አለ።

ማናልበሽ ራሷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች፤ የቀረ ነገር እንዳለ የምታዳምጥ ትመስል ነበር።

«አንድ ፊደል ይጎድላል» አለች። ወደ ኋላ ሄዳ ከመሥሪያ ቤቷ ስም ውስጥ ደራራ ሁለት ጊዜ ሲያነብ ያለፈውን ፊደል ጨመረች። «አሁን ልክ ነው። ሮቤ ወስደህ አትምልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ዓርብ ጠዋት ይዘኸው ና። የምፈርምበትን ቦታ ጣቴን ይዘህ ታሳየኛለህ።»